ለብየዳ መምህሬ «ያስገኙት ውጤት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ልጻፍ?

በያጁ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብየዳ ያስተማሩኝን መምህር ለአንድ የመምህራን ሽልማት ለመጠቆም ቅጽ ከወሰድኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ስም ሞላሁ። ጾታ ሞላሁ። የአገልግሎት ዘመን የሚለው ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነው። የታተሙ ጥናቶች፦ የሉም። ከዚህ በፊት ያገኟቸው ሽልማቶች፦ እኔ የማውቀው የለም። በስማቸው የተመዘገበ ፈጠራ፦ የለም። ከሁሉ ግርጌ አንድ ሰፊ ሳጥን አለ፤ «ያስገኙት ውጤት፣ ከ150 ቃላት ባልበለጠ» ይላል። እሱን ሳይ ሁለት ሌሊት አመሸሁ።

እኔ የቧንቧ ብየዳ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሌሎች የበየዱትን በራጅ ፊልም አያለሁ፤ «ያልፋል» ወይም «ተቆርጦ ይደገም» ብዬ እፈርማለሁ። ከዚህ የረዘመ ዓረፍተ ነገር የሚያጽፍ ሥራ የለኝም። ስለዚህ ስለ እሳቸው የማውቀውን እዚህ ልዘርግፈውና የትኛው «ውጤት» ተብሎ እንደሚጻፍ እናንተ ምረጡልኝ።

የመጀመሪያው ጆሯቸው ነው። በአንድ ጊዜ አሥር ሰልጣኝ በየመጋረጃው ተከልሎ ይበይዳል። መፍጫው ያፏጫል፤ መዶሻው ይንቋቋል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ከአንዱ ጋር እያወሩ ድንገት «አራት ቁጥር፣ ራቅህ!» ይላሉ። አራት ቁጥር እኔ ነበርኩ። ፊቴ በጭንብል ተሸፍኖ፣ እኔም በመጋረጃ ተጋርጄ፣ እጄ ከብረቱ በሁለት ሚሊ ሜትር እንደሸሸ እንዴት አወቁ? የገባኝ ቆይቶ ነው። የኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ጫፍ ከብረቱ ያለው ርቀት ከራሱ ከኤሌክትሮዱ ውፍረት ብዙም ሳይበልጥ ሲቀር አርኩ፣ ማለትም በመካከላቸው የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ሳያቋርጥ እኩል ይንጨረጨራል፤ የጋለ ምጣድ ላይ ዘይት ጠብ ሲል እንደሚሰማው ማለት ነው። ሲርቅ ድምፁ ይሰፋል፣ ይቆራረጣል፣ ፍንጣሪውም ይበዛል። እሳቸው አሥሩን ምጣድ በአንድ ጊዜ ያዳምጡ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ እኔም የጎረቤቴን መስማት ጀመርኩ። «ዛሬ ማዳመጥ እንማራለን» የተባለበት ክፍለ ጊዜ ግን ኖሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ሞርሳው፣ ብረት አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያ፣ ነው። መጀመሪያ ያማረልኝን ብየዳ አስታውሳለሁ። ቅርፊቱን አራግፌ በብሩሽ ሳሸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተኛ፣ ዳርና ዳሩ የተስተካከለ መስመር ወጣ። ይዤላቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና «ያምራል። እስቲ ደግሞ ሆዱን እንየው» አሉኝ። በመጋዝ ግራና ቀኙን ጫር አስደረጉኝ፣ ሞርሳ ላይ አሰሩት፣ መዶሻውን ለእኔ ሰጡኝ። የራሴን ሥራ በራሴ እጅ ሰበርኩት። መሀሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ስላግ (የብየዳ ቅርፊት) ተቀብሮ ነበር። ምንም አልተናገሩም። ስባሪውን እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ወደ ሌላው ሰልጣኝ ሄዱ። አሁን ፊልም ወደ መብራቱ ባነሳሁ ቁጥር በልቤ «እስቲ ሆዱን እንየው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ጮክ ብዬም እላለሁ፤ ባልደረቦቼ ለምደውታል።

ሦስተኛው ግራ እጃቸው ነው። አዲስ ሰልጣኞች በገቡ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ገና ኤሌክትሮድ ሳይነካ፣ እሳቸው ቀድመው ይበይዳሉ፤ በግራ እጃቸው። ቀኝ እጃቸው ከላይም ከታችም፣ በ45 ዲግሪ ባዘነበለ ቧንቧ ዙሪያም የማይሳነው ነው። ግራው ግን እንደ እኛው ነው። ኤሌክትሮዱ ይጣበቅባቸዋል፣ ይነቅሉታል፣ መስመሩ ይወላገዳል፣ አንድ ቦታ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ይበሳል። ያንን አስቀያሚ ብረት ቀን ጽፈውበት ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። የእኛ የመጀመሪያ ሥራ ከሥሩ ይደረደራል። «ለምን በግራ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ያኔ እጄ ምን ይሰማው እንደነበር እንዳልረሳ» አሉኝ።

ደግ ናቸው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ሁለት ጊዜ ከወርክሾፕ አባረውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስላግ ስፈነቅል መነጽሬ ግንባሬ ላይ ተሰቅሎ ስለተገኘ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ ለኮሚቴ የሚቀርብ ውጤት አለ? በሙያ ትምህርት ታሪክ የታወቁ መምህራንስ በምን ሥራቸው ነው የታወቁት?

ቁጥር ይናገራል

ቀላል ነው። ስንት አስመረቁ፣ ስንቱ ሥራ ያዘ፣ ስንቱ የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ እሱን ጻፍ። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ክፍል ይገኛል። የግራ እጁን ነገር ኮሚቴ አያነበውም። መልካም ዕድል።

መሮ

ወንድሜ በያጁ፣ የእንጨት ሥራ መምህር ነኝ፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ይህን ዓይነት ቅጽ የሚመዝን ኮሚቴ ውስጥም ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከላይ የመከረህ ሰው «ኮሚቴ አያነበውም» ያለው ልክ አይደለም። ኮሚቴ የማያነበው ምን እንደሆነ ልንገርህ። «ታታሪ፣ ትጉህ፣ ሙያቸውን የሚወዱ፣ ብዙ ትውልድ ያፈሩ» የሚለውን ነው። ስድሳ ቅጽ ተቀብለን ሃምሳው እንዲህ ይል ነበር። ስሞቹን ብታለዋውጣቸው አንዱም ቅጽ አይጎረብጥም። ግራ እጁ ያለበት አንድ ቅጽ መጥቶልን ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር።

ስለ ታሪኩ ጠይቀሃል። የማስተምርበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም አትቆጡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተካሄደ። ሰው ሁሉ ግዙፉን የእንፋሎት ሞተር ከቦ ሲደነቅ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ረንክል አንድ የሩሲያ ትምህርት ቤት ያቀረበው ማሳያ ዘንድ ቆመው ቀሩ። የቀረቡት የእንጨትና የብረት ቁርጥራጮች ናቸው። ለገበያ የሚሆን ዕቃ አንድም የለባቸውም። መጀመሪያ ቀጥ ያለ የመጋዝ ቁርጥ፣ ቀጥሎ ቀላል ማጋጠሚያ፣ ቀጥሎ ከዚያ የሚከብድ፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ዛሬ ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ሙያ የሚለመደው ጌታው አጠገብ ለዓመታት በመቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ትሸከማለህ፣ ከዚያ ደግሞ ጌታው በዕለቱ የታዘዘው ሥራ ምን እንደሆነ እሱን ብቻ ታያለህ። በር የሚታዘዝበት ዓመት ካልገጠመህ በር መሥራት ሳትማር ትቀራለህ። የሞስኮዎቹ ሰዎች ሙያውን በትዕዛዝ ሳይሆን በእንቅስቃሴ ከፋፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጠረጴዛና መሣሪያ ሰጡት፤ አንድ መምህር ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚያስተምርበት መንገድ ተከፈተ። ረንክል በዚያው ዓመት በተቋማቸው ውስጥ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረጉ። በሴንት ሉዊስ ካልቪን ውድዋርድ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ትምህርት ቤት በ1880 ሥራ አስጀመረ። አንተ የተማርክበት ሞጁል፣ «መልመጃ አንድ፣ መልመጃ ሁለት» እያለ የሚሄደው፣ የዚያ ማሳያ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ስሙን ተመልከት። በውጭ ያሉ መጻሕፍት የሚያውቁት የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ቪክቶር ዴላ ቮስን ነው። ወርክሾፑን ይመራ የነበረው፣ እነዚያን መልመጃዎች በማበጀቱ በአገሩ የሚጠቀሰው ሰው ግን ድሚትሪ ሶቬትኪን ይባላል። ማሳያውን ሺህ ሰው አየ፤ የሶቬትኪንን ስም ይዞ የወጣው ጥቂት ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ አንዱ «የእኛም ዳይሬክተር እንደዚሁ ነው» ብሎኝ ያውቃል፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ዘዴው እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ተማሪው ማጋጠሚያውን ሠርቶ፣ ተመዝኖ፣ ይጣላል። ሌላ ማጋጠሚያ፣ ይጣላል። ይህን ያልወደደው ስዊድናዊው ኦቶ ሳሎሞን ነበር። በ1870ዎቹ ናስ በሚባል የአጎቱ ርስት ላይ መምህራንን ማሰልጠን ጀመረ። ሐሳቡን በፊንላንድ የእጅ ሥራን ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት ካስገባው ከኡኖ ሲግኔየስ ጋር እየተመካከረ አጎለበተው። የእሱም ትምህርት ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያለው ነገር ሲያልቅ ቤት ተወስዶ የሚያገለግል ዕቃ ነው። የሚጀመረውም በቢላዋ ነው፤ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው መሣሪያ ስለሆነ። ከብዙ አገር የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን እሱ ዘንድ ሠልጥነዋል። በዚህ ክርክር እኔ ከሳሎሞን ጎን ነኝ። ተማሪዬ የመጀመሪያውን በርጩማ ተሸክሞ ከግቢው ሲወጣ አረማመዱ ይለወጣል። አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ ቢሆንም እንኳ።

ስለ ሞርሳው ደግሞ። የሙኒክ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ጌዮርግ ኬርሸንሽታይነር ከዚያ በፊት የሒሳብ መምህር ነበር። ከ1900 ጀምሮ ለሠራተኛ ወጣቶች የሚሰጠውን ትምህርት በየሙያቸው መልሶ አዋቀረው። የሚታወቅበት ምሳሌ የወፍ ቤት ነው። ተማሪዎች ከሳንቃ የወፍ ቤት እንዲሠሩ ይታዘዛሉ፤ ራሳቸው ያስባሉ፣ ይስላሉ፣ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ። ከሁሉ በላይ ያስደነቀው ነገር መጨረሻ ላይ ነው። ሳንቃዎቹ ሲገጠሙ ክፍተት ካለ ክፍተቱ ይታያል። «ተሳስተሃል» የሚል ሰው አያስፈልግም፤ ሥራው ራሱ ይመሰክራል። መምህርህ መዶሻውን ለአንተ ሰጥተው ዝም ያሉት ይህንኑ ነው። መናገር ይችሉ ነበር። ስባሪው እንዲናገር ተዉት።

ስለዚህ ቁጥሩን በአንድ መስመር ጻፈውና ቀሪውን ቦታ ለሰውዬው ግራ እጅና ለሞርሳው ስጥ። አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ከእሳቸው ተማሪዎች መካከል ራሳቸው መምህር የሆኑ አሉ? ካሉ በመጀመሪያው ቀን በየትኛው እጃቸው ነው የሚበይዱት?

ያልተጠየቀ

መምህር መሮ ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። እኔ ግን ይህ የሽልማት ነገር ያናድደኛል። አውቶ መካኒክ አስተምራለሁ። ሠላሳ ተማሪ አለኝ፣ አንድ ሞተር አለኝ። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከመፈታቱና ከመገጠሙ የተነሳ የብሎኖቹ ጥርስ ተበልቶ አልቋል። አይነሳም። ስለ ሞተር አነሳስ የማስተምረው በማይነሳ ሞተር ነው። ለጎረቤቴ ለብየዳ ክፍል ደግሞ በሳምንት ለአንድ ሰልጣኝ አራት ኤሌክትሮድ ይሰጠዋል። አራት! አራት ኤሌክትሮድ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ያ ልጅ በምን ጆሮው ነው አርክ ማዳመጥ የሚለምደው?

ጀግና መምህር የምንለው ብዙ ጊዜ በጀት የተነፈገ መምህርን ነው። አሜሪካዊውን የግብርና መምህር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1896 አላባማ ወዳለው ተስኪጊ ትምህርት ቤት ሲደርስ ቤተ ሙከራ አልነበረም። ከተማሪዎቹ ጋር ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስና የተሰባበረ ዕቃ ለቅሞ መሥሪያ አበጀ። ይህን ታሪክ ሁሉም ሰው እያጨበጨበ ይተርከዋል። ካርቨር ስለ ክፍል ጥበት፣ ስለ መሣሪያ እጦት፣ ስለ ሥራ ብዛት ለአለቃው ለቡከር ዋሽንግተን ደጋግሞ ይጽፍ እንደነበር ግን ስንቱ ይተርካል? ሰውየው ጠርሙስ በመልቀም ብቻ አልረካም። ዕቃ ስጡኝም ይል ነበር።

ቡከር ዋሽንግተንም ያው ነው። ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው የግንባታ ሸክላ ራሳቸው እንዲያመርቱ አደረገ። የመጀመሪያው የሸክላ ምድጃ ከሸፈ። ሁለተኛው ከሸፈ። ሦስተኛው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በሌሊት ተናደ። ገንዘብ አልነበረም። የእጅ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛውን ሞከረ፤ ያ ተሳካ። ሰዓቱ ተመልሶ አልመጣም። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን መምህር ሰዓቱን እስኪያስይዝ መጠበቅ የለብንም። ለበያጁ የምመክረው፣ ሳጥኑ ውስጥ «ኤሌክትሮድ ላኩላቸው» ብለህ ጻፍ። ከሦስት ቃል አይበልጥም።

ስፌት ክፍል

ወንድሜ ያልተጠየቀ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ሃያ ሦስት ሰልጣኝና ዘጠኝ የሚሠራ የስፌት መኪና ያለኝ ሴት ነኝ። ነገር ግን እውቅናውን እስከመጣል አትሂድ። ሦስቱ ያልተሳኩ ምድጃዎች ላይ የቆሙት ተማሪዎች እኮ ስለ ሸክላ ከአራተኛው ይልቅ ከሦስቱ ሳይማሩ አልቀሩም።

ካርቨርን ካነሳን አይቀር እኔ የምወድለት ሌላ ሥራውን ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በለውዝ ነው፤ እንዲያውም የለውዝ ቅቤን የፈጠረው እሱ ነው ይባላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 ግን ወደ ትምህርት ቤት መምጣት የማይችሉ ገበሬዎች ዘንድ የሚሄድ በበቅሎ የሚሳብ ጋሪ ነደፈ። ማረሻው፣ ዘሩ፣ የወተት ዕቃው ሁሉ ተጭኖ እስከ ማሳቸው ይደርሳል። ጋሪውን ይዞ የሚዞረው ደግሞ የራሱ ተማሪ የነበረው ቶማስ ካምቤል ነበር። ክፍሉ ጎማ አወጣ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምርላችሁ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ክሎድ ሞንታል በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋ ፈረንሳዊ ነው። በፓሪስ የዓይነ ስውራን ተቋም ተማሪ ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር የተቋሙን ፒያኖ እየፈታ ውስጡን በጣቱ ማጥናት ጀመረ። ለፒያኖው ኃላፊ የነበረው ዓይናማ ቃኚ ተቆጥቶ ከሰሳቸው፤ ተከለከሉም። አልተዉትም። ሌላ ያረጀ ፒያኖ ይዘው ቀጠሉ፤ በመጨረሻ የተቋሙን ፒያኖዎች የሚቃኙት እነሱ ሆኑ። ሞንታል ከዚያ ለሌሎች ዓይነ ስውራን ቅኝት አስተማረ፤ በ1836 ፒያኖ ስለመቃኘት መጽሐፍ አሳተመ፤ ፒያኖ መቃኘት ዓይነ ስውራን በብዙ አገር እንጀራ የሚበሉበት ሙያ ሆነ። እንግዲህ የእሱን ውጤት በየትኛው ሳጥን ትጽፉታላችሁ? ያስመረቃቸውን ብትቆጥሩ ጥቂት ሊሆን ይችላል። የተከፈተው በር ግን እሱ ከሞተም በኋላ አልተዘጋም።

አሁን የማያስመሰግነኝን ልናገር። «ሽልማት» በሚለው ሳጥን ላይ የምጽፈው አለኝ። አንዲት ሰልጣኜን ለሙያ ውድድር አዘጋጅቻት ሜዳሊያ አግኝታለች። የዓለም የሙያ ውድድር ሲጀመር፣ በ1950 ማድሪድ ላይ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከስፔንና ከፖርቱጋል አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው 24 ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ ሊዮን 59 ዓይነት ሙያ ነበር የተወዳደረው። የእኛ እዚያ የሚደርስ አልነበረም፤ ቢሆንም ዘጠኝ ወር ከእሷ ጋር ብቻ ስቆርጥና ስፈታ ከረምኩ። የኮሌታ አገጣጠም ብቻ መቶ ጊዜ ሳታሠራኝ፣ ይቅርታ፣ ሳላሠራት አልቀረሁም። የቀሩት ሃያ ሁለቱ በተተኪ መምህር ተማሩ። ከእነሱ አንዷ፣ እጇ የሚዘገይ፣ ግን አንድ ጊዜ የያዘችውን የማትለቅ ልጅ ነበረች። በአምስተኛው ወር ቀረች። የት እንደገባች የጠየቅኩት ሜዳሊያው ከመጣ በኋላ ነው። በምስክር ወረቀቴ ላይ የእሷ ስም የለም።

በያጁ፣ መምህርህን እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው። ስንት አስመረቁ ሳይሆን፣ ስንት ቀረባቸው።

በያጁ (መልስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ አንድ እርማት። መምህር መሮ «ሰውዬው» ብለዋል። መምህሬ ሴት ናቸው። እርስዎ አልተሳሳቱም፤ እኔም «እሳቸው» እያልኩ ጽፌ ሳልገልጽ አለፍኩ። ቋንቋችን አክብሮ ሲጠራ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ያለምንም ችግር ከሞላኋቸው ጥቂት ሳጥኖች አንዱ ጾታ የሚለው መሆኑ ሲታወሰኝ ሳቅሁ።

ለጥያቄዎ መልስ፣ አዎ። ከእኛ ዙር ሁለት ሰዎች የብየዳ መምህር ሆነዋል። ትናንት ለሁለቱም ደወልኩ። አንደኛው በመጀመሪያው ቀን በግራ እጁ ይበይዳል፤ እንዲያውም ከእሳቸው የወሰደው መሆኑን ረስቶት ኖሮ «ሁሉም መምህር እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ሁለተኛዋ ግራኝ ናት። በቀኟ ትበይዳለች።

ከዚያ ለራሳቸው ለመምህሬ ደወልኩ። ስለ ሽልማቱ አልነገርኳቸውም፤ ለመዝገብ ፈልጌው ነው ብዬ ስንት እንዳስመረቁ ጠየቅኳቸው። «አላውቅም፣ መዝገብ ክፍል ጠይቅ» አሉኝ። ስንቱ አቋረጠ ስላቸው ግን ጸጥ አሉ፤ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ደብተር አላቸው። አርባ ሦስት ሰው። እያንዳንዱ ስም አጠገብ ምክንያቱ ተጽፏል። አንዱ ዓይኑን ታሞ፣ አንዷ ወልዳ፣ ሦስቱ ሥራ አግኝተው፣ አንዱ ጭሱ አልስማማ ብሎት። አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ይህኛው በእኔ ነው። በመነጽር ነገር ተቆጥቼ ከሰው ፊት አስወጣሁት። በማግስቱ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጃለሁ።» እኔ ሁለት ጊዜ ተባርሬ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ያ ልጅ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ማንንም ከሰው ፊት አላባረሩም፤ ወደ ውጭ ጠርተው ነው የሚቆጡት። ይህን ሳላውቅ ነበር።

በሳጥኑ ውስጥ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ለሠላሳ አንድ ዓመት ብየዳ አስተምረዋል። አዲስ ሰልጣኞች በገቡበት ቀን የመጀመሪያውን ብየዳ በግራ እጃቸው ሠርተው፣ የተበላሸውን ሥራቸውን ከእኛ ሥራ በላይ ይሰቅላሉ። ሰልጣኝ ያማረ ብየዳ ሲያመጣ መዶሻ ይሰጡታል፤ ሰብሮ ውስጡን እንዲያይ። ተማሪዎቻቸው የነበሩ ሁለት የብየዳ መምህራን ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በማይሠራላቸው እጃቸው ነው። ጠቋሚው ዛሬ የቧንቧ ብየዳ ተቆጣጣሪ ሲሆን በየቀኑ የሚጠቀመው ዓረፍተ ነገር የእሳቸው ነው። ያቋረጡ ሰልጣኞቻቸውን ስምና ምክንያት በደብተር ይዘዋል። ኤሌክትሮድ ያስፈልጋቸዋል።»

ያልተጠየቀ፣ የመጨረሻዋ የአንተ ናት። ሁለት ቃል በቃኝ።

ስልኩን ልዘጋ ስል መምህሬ «ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «እዚያ መሥሪያ ቤታችሁ በፊልም የሚወድቁ ቁርጥራጮች የት ነው የምትጥሏቸው?» ከጥራጊ ብረት ጋር እንደሚሸጡ ነገርኳቸው። «ያለፉትን አልፈልግም፤ የወደቁትን አምጣልኝ። ላያቸው ያማረውን ምረጥ። ሰኞ አዲስ ልጆች ይገባሉ።»

አለቃዬን አስፈቅጄ ዛሬ ከክምሩ አሥራ አንድ መረጥኩ። ለመብሰል የተቃረቡ ፍሬዎች ይመስላሉ፤ አንዳቸውም ላይ ከውጭ እንከን አይታይም። መኪናዬ ውስጥ ናቸው።